የሃምሳ አለቃው ጤነኛ መንጋጋ

ሃምሳ አለቃው ዕድሜ ልኩን ጥርሱን አሞት አያውቅም። እምቢ ያለው እንቅልፍ ነው። ከግንባር ከተመለሰ ወዲህ ኳ ባለ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ባለፈው ሳምንት የድስት ክዳን ሲወድቅ ትንሿን ልጁንም ጎትቷት ገባ፤ ክንዷ በለዘ። ሚስቱ ያን ቀን ቁርጡን ነገረችው።

«ወይ ሐኪም ታያለህ፣ ወይ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት እሄዳለሁ።»

«ሰው ቢያየኝስ? አበደ ብለው መሣሪያዬን ይቀሙኛል እኮ!»

«ጥርሴን ነው በላቸዋ!»

ምክሯ ክፉ አልነበረም። በጦሩ ሆስፒታል የጥርስና የአእምሮ ሐኪሞች ክፍል ፊት ለፊት ነው፤ የተራ መጠበቂያው አግዳሚም አንድ ነው። ችግሩ ይህን ብልሃት ጦሩ በሙሉ ማወቁ ነበር። ሃምሳ አለቃው ጉንጩን ይዞ ሲደርስ አግዳሚው ጉንጫቸውን በያዙ ወታደሮች ጢም ብሏል። አንዱ እንደውም እጁ ሲዝል ሕመሙን ወደ ቀኝ ጉንጩ አዛወረው። ጫፍ ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? የገዛ አዛዡ፣ ሻለቃው! ሃምሳ አለቃው ክው አለ።

የጥርስ ሐኪሟ ብቅ አለች። «ጥርሱን የታመመ ይግባ!»

ንቅንቅ ያለ የለም። ሻለቃው ቀና ብሎ ሃምሳ አለቃውን አየው። ግንባር ላይ ጥይት ያላስበረገገው ሰውዬ ዘሎ ገባ።

«የቱ ነው?» አለችው።

እንጃ አይባል ነገር፣ አንዱን መንጋጋ አሳያት። በብረት መታ መታ አደረገችው።

«ይሄ እኮ ድንጋይ ይሰብራል!»

«ገደለኝ!» ብሎ ድርቅ አለ። ነቀለችለት።

ጥጥ ነክሶ ሲወጣ ከሻለቃው በቀር ማንም የለም፤ ጩኸቱን የሰሙት ሁሉ ድንገት ተሽሏቸው ሄደዋል። ሃምሳ አለቃው ማልቀስ አማረው። መንጋጋው አይደለም ያሳዘነው፤ ቤት ሲገባ ሚስቱን ምን እንደሚላት ጠፋው። ሰላምታ ሊሰጥ ሲገተር ኮሪደሩ ውስጥ አንድ በር ጓ ብሎ ተዘጋ።

አግዳሚው ሥር ራሱን አገኘ። አጠገቡ ደግሞ ሻለቃው ተጋድሟል።

«ጌታዬ... እርስዎም?»

ሻለቃው አፉን በሰፊው ከፈተ። ከታች፣ በግራ በኩል፣ ሁለት መንጋጋ የለም።

«ሁለቱም ደህና ነበሩ» አለው። «ያኛውን በር መድፈር አቅቶኝ ነው። አንተ ባንዱ ይብቃህ።»

ክንዱን ይዞ አስነሳው፤ ሁለቱም እንዳይደነግጡ የፊት ለፊቱን በር ቀስ አድርጎ አንኳኳ።