ስም ያልተጠራለት ጸሎት

ዳርላ ስም አልጠራችም። በኋላ ለሚወቅሷት ሁሉ ይህንኑ ነበር የምትመልሰው፤ እውነቷንም ነው። ግን አንድ ትምህርት ቤት፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያንና አንድ የስንዴ ጎተራ ባላት ትንሽ የአሜሪካ፣ የካንሳስ ከተማ ውስጥ የሰው ስም መጥራት ምን ያደርጋል? ጥላ ሲያልፍ እንኳ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ዳርላ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ካስተማረች በኋላ ርእሰ መምህር መሆን አማራትና፣ በመኪና አርባ ደቂቃ በሚያስኬደው የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ጀመረች። የሚማሩት ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ዘጠኝ ናቸው፤ ሁሉም የአካባቢው አስተማሪዎች። መምህራቸው ዶክተር ፍሪሰን መጽሐፍ ከመግለጣቸው በፊት ዙሪያውን ቃኘት ያደርጉና «እስቲ ዛሬ ስለ ምን እንጸልይ?» ይላሉ። አንዷ የእናቷን ወገብ፣ አንዱ የልጁን ፈተና ያነሣል። ዝም ያለ ሰው ልቡ የደነደነ ይመስላል።

በመጋቢት አንድ ሐሙስ የትምህርት ቤቷ ርእሰ መምህር አቶ ኤልደን ኡንሩ ቢሮ ጠሯትና በሩን ዘጉ። ለዲግሪዋ የሚያስፈልገውን የልምምድ ሥራ የሚከታተሉት፣ በመጨረሻም ብቃቷን መስክረው የሚፈርሙላት እሳቸው ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እጁ በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ሐኪሞቹ ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ ነው አሉኝ» አሏት። «ከርሞ በዚህ ወንበር እንድትቀመጪ ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ልጠቁምሽ አስቤያለሁ፤ ለዚህ ነው የምነግርሽ። እስከዚያው ግን ሆድ ይፍጀው።»

«ኧረ ለማንም አልናገርም!»

ዓርብን እንደምንም ዋለች። ቅዳሜ ተራው ሲደርሳት ሆዷ አልችል አለ። ለእግዚአብሔር መንገር እኮ መናገር አይደለም ብላ ራሷን አሳመነች።

«አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው አለ» አለች። «እጁን ክፉ በሽታ ይዞታል። ስሙን አልጠራም።»

ስምንት ራስ ጎንበስ አለ። ዳርላ አለቀሰች፤ የምሯን ነው።

ከስምንቱ አንዷ ጆሊን ታዲያ ከኡንሩ ቤተሰብ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትዘምረው። የአቶ ኤልደን እጅ የመዝሙር መጽሐፍ ሲይዝ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አይታለች። እሑድ ለመዘምራኑ ሹክ አለች፤ ለሐሜት ሳይሆን፣ እንደሷ አባባል «አውቀን እንድንጸልይ» ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ! ሰኞ ከሰዓት በኋላ የኡንሩ ደጃፍ ላይ ሦስት ትሪ ምግብ ተደርድሮ ተገኘ፤ ፓስታ በዶሮ፣ ላዩ ላይ አይብ ቀልጦበት። እዚያ አገር ሰው ሲታመምም ሲሞትም የሚመጣው ይኸው ነው። በአንደኛው ትሪ ላይ ካርድ ተለጥፏል፤ «ስለ ኤልደን እጅ እየጸለይን ነው» ይላል።

ካርዱን ያነበቡት የአቶ ኤልደን ሚስት ወይዘሮ ሊዮና ናቸው። ስለ በሽታው የሚያውቁት አንዳች ነገር አልነበረም፤ ስለ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጠይቁ «ድካም ነው» ተብለው ነበር።

ማክሰኞ ጆሊን ለዳርላ ደወለች። «አንቺ፣ ሰውየው ለሚስቱም አልነገራትም ነበር እኮ!»

ዳርላ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ወደ ኡንሩ ቤት ነዳች። አቶ ኤልደን የሚፈርሙበት የብቃት ምስክር ቅጽ ለዩኒቨርሲቲው የሚገባው እስከ ዓርብ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ልትተወው አስባ፣ መልሳ ብብቷ ሥር ከተተችው። አይ የሰው ነገር!

በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ሊዮና ናቸው።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች ዳርላ። «ስም እንኳ አልጠራሁም፤ ለጸሎት ብዬ ነው።»

«ለጸሎቱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ሐሙስ።»

«እኔ ሰኞ። አራት ቀን ቀደምሽኝ።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ የባሌን በሽታ ፓስታ ላይ አነበብኩት።»

«ሊዮና፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ አቶ ኤልደን ከውስጥ፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጡ። «ልጆቹ ለፋሲካ ሲሰበሰቡ ልነግራችሁ ነበር።»

«አንተ ዝም በል፤ ያንተን ኋላ እንነጋገራለን።»

አቶ ኤልደን ብብቷ ሥር ያለውን ወረቀት አዩት። «ቅጹ ነው?»

ዳርላ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ግድ የለም፣ ሌላ ቀን...»

«ዓርብ አይደለም እንዴ የሚገባው? አምጪው።» ዳርላ ወደ ውስጥ ገብታ ሰጠቻቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «እፈርምልሻለሁ። ካንቺ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ለቦርዱ ግን አልጠቁምሽም፣ ዳርላ። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ስንት ጉድ ይሰማል መሰለሽ! የልጆቹን፣ የወላጆቹን። ይህን ሁሉ እየያዝሽ ቅዳሜ ክፍል ልትገቢ ነው?»

ዳርላ ከቦርሳዋ ብዕር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

አቶ ኤልደን ብዕሩን አነሡ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተንሸራተተ። ዳርላ ልትይዝላቸው እጇን ሰደደች።

«ተዪው» አሉ ወይዘሮ ሊዮና። ወንበር ስበው ከባላቸው አጠገብ ተቀመጡና ወረቀቱን በመዳፋቸው ተጫኑት። «ፈርም፣ ኤልደን። እኔ ይዤልሃለሁ።»

ዳርላ እጇን ሰብስባ ቆመች።