የነገሌው ጭንቅላት

ኮምፒውተሩ ሲሞት መጀመሪያ የተጠረጠረው ጄኔሬተሩ ነበር። ቀጥሎ አቧራው። ከዚያ ዲንኪቱ።

ነገሩ የሆነው በ1980 ዓ.ም. ነው፤ ነገሌ ቦረና፣ እኔ በምሠራበት የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ውስጥ። ለሊበን አርብቶ አደሮች የሚሰጠው እህል የሚደለደለው በዚያ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ እሱ ሲቆም መኪኖቹም ይቆማሉ። ይቆም ነበር ደግሞ። ምንም ምልክት ሳይሰጥ፣ በሥራ መካከል ስክሪኑ ይጠቁርና የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል።

ቀድሞ በትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ አስተምር ስለነበር ጥገናው እኔ ላይ ወደቀ። ጄኔሬተሩን አስፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ክዳኑን ፈትቼ ቀዩን አቧራ በቀለም ብሩሽ ጠረግኩ፤ ጥቂት ሰንብቶ ደግሞ ሞተ። ገመዱን ለወጥኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጠዋት አይሞትም። የሚሞተው ከሰዓት በኋላ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል ነው። አንድ ቀን እንደሞተ ወዲያው ክዳኑን አንስቼ ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም ስሌቱን ሁሉ የሚሠራውን ጥቁር ቁራጭ ብነካው ጣቴን ለበለበኝ። ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም፤ የምለውጥበት ሌላ ፕሮሰሰር ሳይኖረኝ እርግጠኝነቱን ከየት አመጣዋለሁ?

ክፋቱ፣ ከሰዓት በኋላ የሚሞት ማሽን ከሰዓት በኋላ የሚቀመጥበት ሰው አለው። የጠዋቱ ሠራተኛ ሞሉ ነው፣ የከሰዓቷ ዲንኪቱ። ዲንኪቱ የክሊኒኩ ድሬሰር ልጅ ናት፤ ቤተሰቡ፣ ከተማው እንደሚለው፣ ጴንጤ ነው፤ የጸሎት ቤታቸውም ከታሸገ ቆይቷል። ሞሉ ሻይ ቤት ተቀምጦ "በእኔ እጅ ሞቶ አያውቅም" ይላል። ቃሉ ከተማውን ዞሮ ሲመለስ "በእሷ እጅ ነው የሚሞተው" ሆነ። ሲያድር ደግሞ "እጇ አለበት"።

እጇማ አለበት። ታይፒስት ናት፤ በእግሯ ትጻፍ? ይህንኑ ለወረዳው ካድሬ ለጓድ ሸዋርካብሽ ፊት ለፊት ነገርኳት። አልሳቀችም። የሕዝብ እህል ላይ አሻጥር እየተሠራ ነው፣ ማሽኑ ዳግም ከሞተ ዲንኪቱ ለጥያቄ ትሄዳለች አለችኝ። በዚያ ዘመን ለጥያቄ ከሄዱት መካከል ስንቱ እንደተመለሰ የምናውቅ እናውቃለን።

ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ሳይውል ሳያድር መምጣት ነበረበት። ከዋናው ቢሮ ጋር የምንገናኘው በሬዲዮ ነው። ሬዲዮኑን የሚይዘው ጃልዴሳ የዱብሉቅ ሰው ነው፤ አማርኛን የለመደው ጎልምሶ ነው። መልእክቱ ለሚያዳምጠው ሁሉ ግልጽ እንዲሆን በንጹሕ አማርኛ ተናገሩ ተብለን ስለነበር "የኮምፒውተሩ አንጎል" በል አልኩት። እሱም በሬዲዮኑ ጩኸት "ኮምፒውተር" አልሰማ ሲላቸው ቃሉን ተወው፤ "አንጎል"ንም ለእሱ በሚቀለው ቃል ለወጠው። አገር ያዳመጠው ይህን ነው፤ "የነገሌው ጭንቅላት ሙቀት ሲነሳ አይሠራም። በአስቸኳይ በሌላ ይለወጥ።"

በማግስቱ ከሰዓት ጓድ ሸዋርካብሽ ቢሯችን ገባች። ጃልዴሳ "አካም፣ ናጋ?" ብሎ ሰላም ቢላት አልፋው ወደ ውስጥ ዘለቀች።

"የማን ጭንቅላት ነው የሚለወጠው?" አለች።

ጃልዴሳ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመ። ዲንኪቱ ከበስተኋላው ተቀምጣ ስለነበር ጣቱ እሷ ላይ አረፈ።

"ተነሺ" አለቻት ካድሬዋ።

ሙቀቱን አስረዳሁ። ምናልባት ፕሮሰሰሩ ነው አልኩ። "ምናልባት" ከአፌ ሳይወጣ ቀለበችው፤ በምናልባት አብዮት አይጠበቅም አለች። ደሜ ፈላ። የእኔ ምናልባት ቢያንስ ጣት ያቃጥላል፣ የእርስዎ ምናልባት ግን ከሻይ ቤት የመጣ ነው አልኳት። ከዚያም ነገሩ ይፈተን አልኩ፤ በዚህ ሙቀት ሞሉ ይቀመጥ፤ በእሱም እጅ ከሞተ የማሽኑ ጥፋት ነው።

ሞሉ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። "ከሞተብኝስ?" አለ።

አልሞተብኝም ብሎ ከተማ ያስወራው ሰው ይህን አለ።

"እንግዲያው እርስዎ ይቀመጡ፣ ጓድ" አልኳት። "የእርስዎን እጅ የሚጠረጥር የለም።"

በሰው ፊት እምቢ ማለት አልቻለችም። ተቀመጠች። ዲንኪቱ ከኋላዋ ሆና ፊደሎቹን አሳየቻት። ካድሬዋ በአንድ ጣት የቀበሌዎቹን ስም ትጽፍ ጀመር። ስክሪኑ አልጠቆረም። ጣሪያው በሙቀት ይንጣጣል፤ እሷ ትጽፋለች፤ ማሽኑ እንደ ጠዋት ይሠራል። እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ፕሮሰሰሩን ነው፣ ሞሉን ነው፣ ወይስ ራሴን? የዲንኪቱን ፊት ላለማየት ጣሪያውን አየሁ።

ጓድ ሸዋርካብሽ ዘወር ብላ ፈገግ አለች። "ይኸው ይሠራል፣ መምህር። የታል ሙቀቱ?" ብላ የሚቀጥለውን ፊደል ነካች።

ስክሪኑ ጠቆረ።

እጆቿን ሁለቱንም ከቁልፎቹ ላይ አነሳች፤ እጅ ወደ ላይ እንደተባለ ሰው።

"አይደንግጡ፣ ጓድ" አለች ዲንኪቱ። "እኔም መጀመሪያ የሞተብኝ ቀን እንዲሁ ነው ያደረግኩት።" ከድምጿ ውስጥ ምፀት ፈለግኩ፤ አጣሁ።

የእኔ ግን ነበረበት። "እጅዎ አለበት ልበል እንዴ?" አልኳት ካድሬዋን።

እኔን አላየችኝም። ያየችው ሞሉን ነው፤ ከበሩ ጥቂት ወደ ውጭ ፈቀቅ ብሎ ነበር፤ ሻይ ቤቱ ደግሞ ማዶ ነው። ቃሉ እስኪመሽ የት እንደሚደርስ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ተነሳችና ቀሚሷን አራገፈች።

"ሬዲዮኑን ክፈት" አለችው ጃልዴሳን። "ጭንቅላቱ ዛሬውኑ ይላክ በል።"

ጃልዴሳ ዳግም ላለመሳሳት ተጠነቀቀ። "የማን ጭንቅላት ልበል፣ ጓድ?"

እሷ ግን ወጣች። ሞሉ መንገድ ለቀቀላት።

ዲንኪቱ ወንበሯን ሳበች። የማሽኑን ክዳን በመዳፏ ዳሰሰችና እጇን መለሰች።

"እስኪበርድ እንጠብቅ" አለች።