የዘመድ ማር

ራኬብ የባልዲውን ክዳን ከፍታ አየች፣ መልሳ ከደነችው፣ ደግማ ከፈተችው። ያው ነው። ነጭ መሆን የነበረበት ማር ሻይ መስሎ ቁጭ ብሏል።

«ምን አደረጋችሁት?»

አቦይ ገብረመስቀል የማይ ዳዕሮ ንብ አናቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ባልዲውን ከገጠር መቐለ ድረስ አቅፈው ያመጡት እሳቸው ናቸው። «አቀለጥነው» አሉ ደስ ብሏቸው። «አምና የመጣው ነጋዴ ደርቋል፣ ስኳር አለበት ብሎ ጥሎን ሄደ አይደል? ዘንድሮ ፈላ ውሃ ውስጥ አስቀመጥነው። እይው ጓለይ፣ ልጄ፣ እንደ ዘይት ይወርዳል።»

«የዛሬዋ ገዢ እኮ የሚፈልጉት የደረቀውን ነው፣ አቦይ። ነጩን። ከአዲስ አበባ የመጡት ለእሱ ብለው ነው።»

ሽማግሌው ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። «የቀረው ገና ቀፎ ውስጥ ነው» አሉ።

ራኬብ ደብረ ብርሃን ተወልዳ፣ መቐለ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ተምራ፣ እዚያው በአንድ የልማት ድርጅት ሥራ ይዛ የቀረች ልጅ ናት። ለማይ ዳዕሮ የጻፈችው የልማት ስትራቴጂ ብዙ ገጽ ቢኖረውም ነገሩ አጭር ነው፦ ተራራው ከፍየል ይከለላል፣ ተበብ የሚባለው ነጭ አበባ ይመለሳል፣ ንቡ ይበዛል፣ ማሩ ይሸጣል። ገበሬዎቹ የተስማሙት በአንድ ነገር ነው። ዘንድሮ ገዢ ካልተገኘ እሁድ ተሰብስበው ተራራውን ለፍየሎቹ ይከፍታሉ። ገዢዋ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ደግሞ የሚመጡት ከምሳ በኋላ ነው።

ራኬብ ቢሮዋ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች። ተማሪ እያለች የገባችበት የመቐለ ቤት ሁሉ ቁምሳጥኑ ውስጥ ከአገር ቤት የተላከ ማር ነበረው። ድንገት ቆመች።

«አቦይ፣ ዘንድሮ ለዘመድ አልላካችሁም?»

«እንዴት አንልክም? የመጀመሪያው ቆረጣ የዘመድ ነው። ለእህቴ ለፍሬ ልኬያለሁ።»

«ሳታቀልጡት?»

«ለዘመድ ምን ብዬ አቀልጣለሁ?» አሉ፣ ጥያቄው ገርሟቸው።

ባጃጅ ይዘው እህትየዋ ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ ቃላሚኖ በረሩ። ኣደይ ፍሬ ግን በር ላይ ቆሞ ማር የሚጠይቅ ሰው አይወዱም። አስቀመጧቸውና ጥሕሎ አቀረቡ። ራኬብ የገብሱን ድብልብል ወጡ ውስጥ እያጠቀሰች ሁለት ሁለቱን ዋጠች።

«ይህቺን ልጅ ማን ነው የሚያሳድዳት?» አሉ ኣደይ ፍሬ ወንድማቸውን።

«ፍየል» አሉ አቦይ ገብረመስቀል።

ነገሩን ሲሰሙ ኣደይ ፍሬ የማሩን ጣሳ አውጥተው ደረታቸው ላይ ያዙት። «ለእኔ የሰጠኸኝን ልትሸጠው?»

«ለቅምሻ ብቻ ነው፣ ኣደይ» አለች ራኬብ። «አንድ ማንኪያ።»

«እንግዲያውስ እኔም እሄዳለሁ» ብለው ነጠላቸውን አነሱ።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ቢሮው ውስጥ የጠበቃቸው ነገር ግራ አጋባቸው፤ አንድ ባልዲ ሻይ የሚመስል ማር፣ አንድ ጣሳ ቅቤ የመሰለ ማር፣ ጣሳውን የማይለቁ አንዲት ሴትዮ። ራኬብ ነገር ማለባበስ አትችልበትም፤ የሆነውን እንዳለ ነገረቻቸው። ገዢዋ ከጣሳው ቀመሱ፤ ማንኪያቸውን ደግመው ሰደዱ።

ኣደይ ፍሬ ጣሳውን ሳብ አደረጉት። «አንድ ነው የተባለው።»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ሳቃቸው መጣ። «ይኼን ነው የምፈልገው» አሉ። «ቀፎ ውስጥ ያለውንም፣ የከርሞውንም እወስዳለሁ። ለዘመድ እንደሚላከው ሆኖ ይምጣልኝ፤ እሳት አይንካው። ውሉ ላይም እንዲሁ ይጻፍ።»

ራኬብ እስክሪብቶዋን ለአቦይ ገብረመስቀል አቀበለች። እሳቸው ግን አልፈረሙም።

«የዘመድ ቀድሞ ይወጣል» አሉ። «የእርስዎ ከዚያ ቀጥሎ ነው። ይህም ይጻፍ።»

ራኬብ ወደ ገዢዋ አየች።

«ይጻፍ» አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ። «ዘመድ የማይቀድምበትን ማር እኔም አላምነው።»

ተፈረመ። ኣደይ ፍሬ ጣሳቸውን ከደኑና ባልዲውንም ወደ ራሳቸው ጎተቱት፤ ለሜስ፣ ለጠጅ ማለት ነው፣ ይሆናል አሉ። አቦይ ገብረመስቀል ስልካቸውን አውጥተው ማይ ዳዕሮ ደወሉ፤ ከመንደሩ ጋር በጩኸት ተነጋገሩ።

«ተራራው እንደተከለለ ይቆያል! ፍየሎቹን አስሯቸው!» አሉና ራኬብን ከእግር እስከ ራስ አዩዋት። «አንዱን ግን እሁድ ታርዱታላችሁ። እንግዳ ይዤ እመጣለሁ፤ ስትበላ ትቸኩላለች።»