ገብስ የበላችው ጀልባ

ጋሻዬ ቱሪስት እየጫነ አሸተን ማርያም የሚያወጣ በቅሎ አከራይ ነው። በላሊበላ በቅሎ ተራ የሱን ያህል የሚቀድ የለም። አንዴ ከነበቅሎው ገደል ገብቶ መሬት ሳይነካ ተመልሶ እንደወጣ፣ በቅሎዋም እስከ ዛሬ ወፍ ባየች ቁጥር እንደምትቀና ያወራል። በሚሌኒየሙ ዓመት ግን ጉድ ፈላ፤ አንድ እውነት ደረሰበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፈረንጅ ቁልቁለቱ ላይ ሲንሸራተት ጋሻዬ በቀበቶው ቀልቦ አተረፈው። ፈረንጁ ጅቡቲ የሚሠራ ሀብታም ኖሯል። «ከነሚስትህ ጅቡቲ ና፣ ባሕሩ ላይ ሁለት ቀን ላዝናናህ። ምን ልከራይልህ?» አለው።

«አልጋ ያላት የሞተር ጀልባ!» አለ ጋሻዬ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ፈረንጁ ቃሉን አላጠፈም። ወደቡ ላይ እንደ ሙሽራ የነጣች የቅንጦት ጀልባ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ካፒቴኗ አሊ የሚባል የባቲ ልጅ ነው። ጋሻዬ ዙሪያዋን ቃኘና ጎኗን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረጋት።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት።»

«ትራገጣለች?»

«ማዕበል ሲነሳ ትንሽ።»

«ቁልቁለት ላይስ ማን ይይዛታል?»

«ወላሂ ጋሼ፣ ባሕር ቁልቁለት የለውም!»

ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ተነሳ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ሽቅብ አንስታ ቁልቁል ስትወረወር፣ ሃያ ዓመት ቱሪስት ያወረደ የጋሻዬ አፍ ባለቤቱን ሳያማክር ጮኸ፦ «ውረዱ! ቁልቁለት ላይ ተቀምጦ አይኬድም!» እሱም አንድ እግሩን ከጀልባዋ አሻግሮ ነበር፤ ሚስቱ ሰርካለም ጋቢውን ጨምድዳ መለሰችው። አሊ መሪውን አቅፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሰርካለምም ቀልድ የማይገባት፣ ዋሽታ የማታውቅ ሴት፣ ሁለቱን ቀን በሳቅ ፈረሰች።

ላሊበላ ሲመለሱ ጋሻዬ እግሩ መሬት አልነካ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምስክር አለው!

የተራ ዳኛው አቶ ውባንተ፣ የማን በቅሎ ቀድማ እንደምትወጣ የሚወስኑት ሽማግሌ፣ ወሬውን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዛሬስ አበዛኸው። ሰርካለም ትጠራ። እውነት ነው ካለች እኔ አርጅቻለሁ፣ ዳኝነቱን ውሰድ። ውሸት ከሆነ ግን ገናም ጥምቀትም ተራህ ከሁሉ ኋላ ነው!»

ሰርካለም መጣች። ሰዉ ከበባት።

«እውነት ነው» አለች። «ጀልባዋ ውስጥ አልጋ አለ።»

አንዱ ከኋላ አፏጨ።

«ማድ ቤት አለ። ቧንቧው ሲከፈት ሙቅ ውሃ ይወርዳል።»

«ባሕር መሀል? ሙቅ ውሃ?» አለ አረጋ የሚባለው አከራይ። «እኛ እዚህ ከተማ ተቀምጠን ቀዝቃዛው ከጠፋ ሳምንቱ!»

«እሷንም አበላሻት!» አለ ሌላው። አቶ ውባንተ ሊፈርዱ ከዘራቸውን አነሱ።

ሰርካለም ባሏን አየችው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስማ» አለች፣ «ካፒቴኑ ወረደና በልጓም ሳባት። እኛም ወርደን በእግራችን። ሜዳው ላይ ገብስ ሰጠናትና ተነፈሰች።»

«አሃ!» አሉ አቶ ውባንተ፤ ከዘራው ወረደ። «እንዲህ በይና ልጄ! ሳትወርዱላትማ ጀርባዋ ይላጥ የለ!»

«ስንት ቁና ገብስ?» አለ አረጋ።

«ሁለት። አንዱን ደፋችው።»

«አዎ፣ የጠገበች እንዲያ ታደርጋለች» አለ አረጋ፣ አምኖ።

ጋሻዬ አልቻለም። «ኧረ ልጓም የላትም! ገብስም አት—»

«ዝም በል አንተ ቀዳዳ!» አሉት ሁሉም ባንድ አፍ፤ ወዲያውም ዳኛ አድርገው ሾሙት።

ወደ ቤት ሲወርዱ ጋሻዬ ሚስቱን ጠጋ አላት። «ሰርኬ» አለ፣ «አንዱን ቁና ግን ለምን ደፋችው?»

«ገብሱ ነቅዞ ነበራ።»