አሜን ያልኩበት መኪና

እረፍት የሚሉትን ነገር መጀመሪያ ያመጣው ማን እንደሆነ ባውቅ ደጁ ድረስ ሄጄ እጣላው ነበር። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ወገቤ ደህና ነው፣ ዓይኔ በመነጽር ክር ከመርፌ ያስገባል፣ ጥርሴም ቢሆን የጎደለው ሁለት ብቻ ነው። ታዲያ ምን አድርጌ ነው እረፊ የምባለው? በእኛ አገር አረፈች የሚባለው ሰው ሲሞት ነው።

ወርቅነሽ እባላለሁ። ቤቴ እንጅባራ ከገበያው ጀርባ ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ የእግር መኪና ስሰፋ ኖሬያለሁ። የተማሪ ዩኒፎርሙንም፣ መጋረጃውንም፣ የሙሽራ ቀሚሱንም ሰፍቻለሁ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በግላስ ነው። ግላስ ፈረስ ሲሸለም ኮርቻው ላይ የሚደረብለት ጌጠኛ ጨርቅ ነው። ጥር ሃያ ሦስት ቀን፣ በፈረሰኞች በዓል፣ ፈረሰኛው ከየገጠሩ ግልብጥ ብሎ እንጅባራ ሲገባ አይታችሁ ከሆነ፣ ያ ቀዩ፣ ዳር ዳሩን ቢጫ ዘርፍ ያለው የእኔ እጅ ነው። ሌላው ሰው ፈረስና ፈረሰኛ ያያል፤ እኔ ስፌት አያለሁ። የእኔን ከሩቅ አውቀዋለሁ።

ልጄ ጢሞቲዎስ ብቸኛዬ ነው። አባቱ የሞተው እሱ ጡት ሳይተው ነው። አስተምሬ አስመረቅሁት፤ ዛሬ ቢሮ የሚገባ ሰው ሆኗል። ጥሩ ልጅ ነው። ክፉ ቢሆንማ ምን ቸገረኝ፣ አንዴ ተጣልቼው እገላገል ነበር። መከራዬ የመጣው ከጥሩነቱ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ እሑድ ጠዋት፣ «እማዬ፣ ዛሬ ቸርች ፊት ወንበር ላይ ነው የምትቀመጪው፤ አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ትንሽ ሥራ አለችኝ» ብሎ በባጃጅ ላከኝ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ አዲስ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። መዝሙሩ አለቀና መጋቢው ስሜን ጠራ። «እናታችን ወርቅነሽ ልጃቸውን በመርፌና በክር አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ከዛሬ ጀምሮ እጃቸው ያርፋል። የልብስ ስፌት መኪናቸውን ለሴቶች ኅብረት ሥልጠና እንዲውል ለጌታ ሰጥተዋል» አለ።

ሰጥተዋል? ማን? መቼ? ዞር ብል መኪናዬ በጎን በር በኩል ሪባን ታስሮላት ቆማለች። ለካ ትንሽ ሥራ ያላት እሷን ማስጫን ኖሯል።

ጉባኤው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ልጄ እንባው ዓይኑ ላይ ሞልቶ ያየኛል። እኔስ ምን አልኩ? «አሜን» አልኩ። ያውም ቆሜ፣ ፈገግ ብዬ። ለጌታ የተሰጠ ዕቃ አይመለስም፤ አሜን የተባለበትማ ጭራሽ አይነሳም። ሌላው ሰው ሲዘረፍ ይጮኻል፤ እኔ ተመርቄ ቤቴ ገባሁ።

ቤት ስደርስ መኪናዬ በነበረችበት መስኮት ሥር አዲስ ሶፋ ተቀምጧል። ከፊቱ ሰፊ ቴሌቪዥን አለ። ከጎኑ ደግሞ በዘንቢል ውስጥ፣ ልጄ በጥንቃቄ አጣጥፎ ያስቀመጠው የጋሼ አወቀ ግላስ አለ። ገና ግማሹ ነው የተሰፋው።

ጋሼ አወቀ የጥርባ ገበሬ ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። እኔም ያኔ ጥርባ ነበር የምኖረው። ጢሞቲዎስን ልወልድ ምጥ ሲጠናብኝ የገበያ ቀን ነበርና ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ጠፋ። እሳቸው ናቸው በፈረሳቸው አስቀምጠው፣ ልጓሙን ይዘው በዚያ ጭቃ በእግራቸው እየሄዱ፣ ፈረሱን በአገውኛ እያባበሉ ጤና ጣቢያ ያደረሱኝ። ከዚያ ወዲህ ግላሳቸው ባረጀ ቁጥር የምሰፋላቸው እኔ ነኝ። የዘንድሮውን ሲያዙኝ፣ «ወርቅነሽ፣ ይኼ የመጨረሻዬ ነው። ጉልበቴ እርካብ አልረግጥም እያለ ነው። ደህና አድርገሽ ሸልሚልኝ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ለጋሼ አወቀ እሺ ብዬ የቀረሁበት ቀን የለም።

በእጄ ልስፋው ብዬ ተነሳሁ። ጨርቁ ሦስት ድርብ ነው፤ በሳምንት አንድ ስንዝር ሄድኩ፣ አውራ ጣቴም አብጦ ቀረ። ሌላ ሰፊ ዘንድ ልውሰደው? ሞቼ ልገኝ። እንግዲህ ኅዳር አለቀ፣ ታኅሣሥም ተጋመሰ፣ ግላሱ ግን ከዘንቢሉ አልወጣም።

አንድ ማክሰኞ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ቸርች ሄድኩ። የሴቶች ኅብረት ኃላፊዋ ርሆቦት የምትባል ደርባባ ልጅ ናት፤ በሩን ከፈተችልኝ። መኪናዬ ጥግ ላይ ቆማለች። በላይዋ ፔርሙዝና ስድስት ብርጭቆ ተደርድሯል። መርፌዋ ተሰብሯል። ደሜ ፈላ።

«ማን ነው የሰበራት?» አልኩ።

«እማማ፣ ሁላችንም ሞክረናል፤ ክር እየበጠሰች አስቸገረችን። ሥልጠናው ለማንኛውም ከፋሲካ በኋላ ነው» አለችኝ።

መዘውሯን መጀመሪያ በእጅ ወደ ራስ ካላዞሯት መበጠሷ ነው። ይህን ማን ይንገራቸው? ባለቤቷን አሳርፈዋታል። ንዴቴን እንደገና ዋጥኩና፣ «ርሆቦት ልጄ፣ መልሱልኝ አላልኩም። እዚሁ ቁጭ ብዬ አንድ ግላስ ልጨርስባት» ብዬ ለመንኳት።

ደነገጠች። «ኧረ እማማ፣ እርስዎ እኮ አርፈዋል። ጢሞቲዎስ ቢሰማ እናቴን መልሰው አሠሯት ይለናል። ይልቅ ይቀመጡ፣ ሻይ ልቅዳልዎት» አለችና ፔርሙዙን ከመኪናዬ ላይ አነሳች። ሻዩን ጠጣሁት። ምን ላድርግ? ደግ ሰው በደግነቱ ሲከለክልህ የምትሰድበው ስድብ እንኳ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ ሶፋው ላይ ዋልኩ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ቱርኮች በአማርኛ ይጣላሉ፣ በአማርኛ ይታረቃሉ። እኔ ግን የማየው የተዋናይቱን ታሪክ ሳይሆን የኮቷን ትከሻ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ዝቅ ብሏል። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። እኔም አንድ ከሰዓት በኋላ የሶፋውን ልብስ በምላጭ ተርትሬ አወረድኩት። ስፌቱ ድሮም አስቀያሚ ነበር። ወለሉ ላይ ዘርግቼ በእጄ መልሼ ስሰፋው ጢሞቲዎስ ከቢሮ ገባ።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

የሁለት ወር ንዴት ነው የወጣው። «አንተ ማን ስለሆንክ ነው የእኔን እጅ ለሰው የምትሰጠው? ጠይቀኸኛል? ጋሼ አወቀ ባዶ ኮርቻ ላይ ሊወጡ ነው፤ አንተን ልወልድ የሄድኩበትን ፈረስ ዘር ራቁቱን ልታስወጣው ነው። ሶፋ ገዝቶ እናቱን እዚህ የሚቀብር ልጅ አይቼም አላውቅ» አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩት፤ የማይባለውን ሁሉ።

እሱ አልጮኸም። ቦርሳውን አስቀምጦ ከፊቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ? አንደኛ ክፍል ከገባሁበት ቀን ጀምሮ፣ ‹አንተ ብቻ ተማር፤ እኔማ ለአንተ ስል እዚህ መኪና ላይ አልቄያለሁ› ስትይኝ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም? እኔ የቤት ሥራዬን ከመኪናው ሥር ነው የሠራሁት፣ እግርሽ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ። እያንዳንዷን እርግጫ በእኔ ላይ ነው የቆጠርኩት። ደመወዝ የያዝኩ ቀን ከዚህ አላቅቃታለሁ ብዬ ለጌታ ቃል ገባሁ። ቃሌን ጠበቅሁ። ምን አጠፋሁ እማዬ?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ያንን ያልኩት እንዲያጠና ነው። ቀን ቀንማ እሱ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ልብስ ሊያሰፉ ከመጡ ሴቶች ጋር ሆዴ እስኪቆስል እስቅ ነበር። ብቻዬን ስሆን አንጎራጉር ነበር። ቀይ ጨርቅ ስቆርጥ ልቤ ይሞቃል። ዘርፍ አስሬ ስጨርስ በራፍ ላይ ሰቅዬው እንደ ሞኝ አየዋለሁ፣ አላፊ አግዳሚውም ያይልኛል። ከዚያ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኮቴውን ስሰማ ዘፈኔን አቋርጬ ወገቤን ይዤ እጠብቀዋለሁ። «እፎይ፣ አለቅሁ» እላለሁ። በየቀኑ። ጎበዝ እናት የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ያን ማታ ያልተናደድኩበት ሰው አልነበረም፤ ከሁሉ የባሰው ግን ወርቅነሽ ላይ የተናደድኩት ነው።

ከገና በኋላ ባለው እሑድ መጋቢው «ምስክርነት ያለው?» ሲል እጄን አነሳሁ። ማይኩን ተቀበልኩ። ከሕመም የተፈወስኩ መስሏቸው ገና ሳልጀምር እልል ሊሉ ተዘጋጁ።

«ተቀመጡ» አልኳቸው። «የተፈወስኩት ነገር የለም። የመጣሁት ውሸቴን ልናገር ነው። ኅዳር ላይ እዚች ቦታ አሜን ያልኩት ውሸት ነው። መኪናዬን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም፤ ተሰጠብኝ። ዝም ያልኩት ጭብጨባችሁን ፈርቼ ነው።»

ጢሞቲዎስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ፤ ግን የባሰው ውሸት ገና አልወጣም።

«ልጄን ግን እንዳትናገሩት። እሱን የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። ለአንተ ስል አለቅሁ አልኩት። አላለቅሁም። ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ መኪናዬን ሸፍኜ ስተኛ የሚነጋው መቼ ነው እያልኩ ነበር። ደስታዬን እንደ ሌባ ደበቅሁበትና ሥራ ቅጣት ነው ብዬ አሳደግሁት። ዛሬ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ሲሄድ ፊቱን አያለሁ፤ የተቀጣ ልጅ ፊት ነው። ያንን ፊት የሰፋሁት እኔ ነኝ። መርፌዬ እንደዚያ ያለ ስፌት ሰፍታ አታውቅም። የምላችሁ ይኼው ነው።»

አሜን የሚል ጠፋ። መጋቢው ማይኩን ተቀብሎ ምን እንደሚል ሲያስብ ርሆቦት ከወንበሯ ተነሳች። «መኪናዋ የጌታ ናት፤ አትመለስም» አለች። ቀጠለችና፣ «ግን አንዳችንም አንችላትም። እማማ ነገ ይምጡና የፈለጉትን ይስፉባት፤ እኛ ከጎን ቁጭ ብለን እንያለን» አለች።

ሰኞ ጠዋት ሄጄ ፔርሙዙን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። መርፌ ቀየርኩ፣ ዘይት አጠጣኋት፣ መዘውሯን በእጄ ወደ ራሴ አዞርኩ። ርሆቦት «አሃ፣ በእጅ ነው ለካ» አለች። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጊዜ ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግራቸው ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያበግነኛል።

ቅዳሜ ጢሞቲዎስ መጣ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ከእሺና ከደህና ዋይ በቀር አልተነጋገርንም። ሰላም እንኳ ሳይለኝ በድሮ ቦታው፣ ከመኪናዋ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። የቢሮ ሱሪውን ለብሶ። «ስጪኝ፤ ይኼን ዘርፍ ልሰር» አለኝ። አንድ ጊዜ አሳየሁት። እኔ ስረግጥ እሱ ሲያስር ዋልን። እኩለ ቀን ሆነ፣ ምሳ አላስታወስንም። አንድ ጊዜ ያንጎራጎርኩ መሰለኝ፤ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይኼ ነገር ደስ ይላል እኮ እማዬ» አለ፣ ልክ አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው።

ቀጣዩን ዘርፍ አቀበልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት አስቀርቼበታለሁ።

ጥር ሃያ ሦስት ቀን ሜዳው ዳር ሣር ላይ አብረን ተቀመጥን። ጋሼ አወቀ ሁለት ሰው ደግፏቸው ኮርቻ ላይ ወጡ፤ ከወጡ በኋላ ግን ማንም ሽማግሌ ናቸው አይልም። ፈረሱ ሁሉ ተቀላቅሎ አቧራውን እያስነሳ ሲመጣ፣ እኔ ገና ዓይኔን ሳጠብብ፣ ጢሞቲዎስ ዘሎ ቆመ።

«ያውና፣ እማዬ! በግራ በኩል ሦስተኛዋ ዘርፍ ጠማማ ናት፤ እኔ ነኝ ያሰርኳት» አለ። ፊቱ የተቀጣ ልጅ ፊት አልነበረም።

ጠማማ መሆኗን ያን ቅዳሜ አይቻታለሁ። ተርትሬ ላስተካክላት ምላጩን አንስቼ ነበር፤ ተውኳት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ጠማማ ስፌት አይቼ ያለፍኩት እሷን ብቻ ነው።