ለካሜራ የቆመ ግድግዳ

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሻኒስ የምትጠብቀው የማፍረሻ መኪና ነበር፤ የመጣው ግን ካሜራ የጫነ መኪና ሆነ።

ባለቤቱ ጥሎት የሄደው የጎረቤት ቤት ጣሪያው ከወደቀ ቆይቷል። የጋራ ግድግዳቸው ወደ እናቷ ወደ ሚስ ኦፓል መኝታ ክፍል ሆዱን ነፍቶ ሊደረመስ ደርሷል። ሚስ ኦፓልን እግሮቿ ከከዷት ወዲህ ሻኒስ ከዚያች ክፍል ሌላ የምታስተኛበት ቦታ የላትም። ከብዙ ዓመት ልመና በኋላ ቤቱ የሚፈርሰው ዛሬ ነበር።

በምሥራቅ ባልቲሞር ቤት ቢያዘምም ደረጃ አይቆሽሽም። ሻኒስም ነጩን የእብነበረድ ደረጃ በማለዳ ፈትጋው ነበር። ከመኪናው የወረደው ወጣት ረዳት አይቶት ፊቱን አጨማደደ።

«እህቴ፣ ይሄ በጣም ነጣ። ሴናተር ካርዌል ሰፈሩን እንዳለ ነው ማሳየት የሚፈልጉት።»

«እንዳለማ ይኸው ነው።»

«ያምራል እኮ! ችግሩ እሱ ነው።» አለና ከመንገዱ ዳር አፈር ዘግኖ፣ ለዶሮ ጥሬ እንደሚበትን ሰው ደረጃው ላይ በተነው።

ሻኒስ በጥፊ ልትለው ቃጣትና ተወችው፤ ለአፍራሾቹ አለቃ ለታይሪ ደወለች። አብሮ አደጓ ነው።

«የት ነህ አንተ?»

«አሠሪዬ አስቆመኝ። የካርዌል ሰዎች ‹ሳንቀርጸው እንዳትነኩት› አሉት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የተቀናቃኞቹ ተራ ነው።»

«የምን ተራ? የግድግዳ?»

«ምን ላድርግሽ። ከምርጫው በኋላ እንመጣለን።»

ካርዌል ለግዛቱ ገዥነት የሚወዳደር የገጠር ሰው ነው። ባልቲሞርን የሚያውቃት በዜና ነው፤ ድምፅ የሚያገኘውም ከማይወዷት ዘንድ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ከፈራረሰው ቤት ፊት ቆመ።

«ይህን ቤት የሚያፈርስ ጠፋ! የከተማዋ ሹሞች ተኝተዋል!»

«ዛሬ ሊፈርስ ነበር! አንተ ነህ ያስቆምከው!» ጮኸች ሻኒስ።

ካርዌል በፈገግታ ዞረ። «ንዴትሽ ይገባኛል እህቴ። የምታገለው ላንቺ ነው።» ወዲያው ካሜራ ለያዘው ቀራጭ፣ «ያዝካት?» አለው።

ሻኒስ ጎረቤቶቿን ጠርታ እናቷን ከነአልጋዋ አስወጣች። የታመመች አሮጊት መንገድ ላይ ተኝታ ሲያዩ ካርዌልና ሰዎቹ አፍረው ይሄዳሉ ብላ ነበር። ቀራጩ ግን ካሜራውን ተሸክሞ እየሮጠ መጣ።

«በስመ አብ፣ ይሄ ወርቅ ነው!» አለ ረዳቱ።

ካርዌል ጎንበስ ብሎ የሚስ ኦፓልን እጅ ሊይዝ ሲል፣ እጇን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተችው።

«አንተ ልጅ፣ ልትመረጥ ነው ልትቀብረኝ? አንዱን ለይ።»

ካሜራው አልቆመም። ሻኒስ እናቷን ብትመልሳት ግድግዳው አለ፤ እዚህ ብትተዋት እነዚህ አሉ።

«ኤርማ ቤት ውሰዱኝ» አለች ሚስ ኦፓል፤ ኤርማ ማዶ ያለችው እህቷ ናት። «ፊቴን ወደዚያ አዙሩልኝ።»

«ቤቱስ፣ እማ?»

«ቁልፉን ለሱ ስጪው። እስኪመረጥ ድረስ እኔ ክፍል ይተኛ።»

ጎረቤቶቹ አልጋውን አዙረው መግፋት ጀመሩ። ሻኒስ ቁልፉን ለካርዌል ዘረጋችለት። ካርዌል ረዳቱን አየ። ቁልፉን ከእጇ የሚቀበላት አልነበረም።

«ይቺን ቦታ ከፊልሙ ቁረጣት» አለው ረዳቱ ለቀራጩ።