መሀል ወንዝ የታሰረችው ጀልባ

የትንሿ ከተማችን ማዘጋጃ ቤት አንዲት ጀልባ፣ አንድ ቀዛፊና አሥራ አንድ ኮሚቴ አለው። ቀዛፊው አጎቴ ነው። ኮሚቴዎቹ ምን እንደሚሠሩ ግን ከሩቅ አገር ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ ብጠይቅም የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ወንዙ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ ጀልባዋ የምታድረው በወዲህኛው ሰፈር ዳርቻ ነበር። ይህ የወዲያኛውን ሰፈር ሰዎች አንገበገባቸው። ቀኑን ሙሉ ለሁለቱም ስትመላለስ መዋሏ አልታያቸውም፤ ማታ የት እንደምታድር ግን እንቅልፍ ነሳቸው።

ስብሰባ ተጠራ። ከንቲባውን ሰዉ «አጨብጭቡ» ይለዋል፤ ንግግሩን ሁሉ በዚሁ ቃል ነው የሚጨርሰው። ግማሽ ቀን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጦን ወሰነ፦ ጀልባዋ ከሁለቱም ወገን እኩል ርቃ፣ መሀል ወንዝ በተተከለ ብረት ላይ ታስራ ታድራለች።

«ታዲያ እኔ ማታ በምን ልውጣ? ጠዋትስ በምን ልድረስባት?» አለ አጎቴ።

«እሱ የአፈጻጸም ጉዳይ ነው። አልችልም ካልክ አማቼ ዝግጁ ነው። አጨብጭቡ!»

ተጨበጨበ። ሁለቱ ሰፈሮች በአንድ ነገር ተስማምተው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ከመቅዘፍ በቀር መተዳደሪያ የሌለው ሽማግሌ ውሃ ውስጥ ሲጣል። አማችየውማ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ።

አጎቴ የመጀመሪያውን ምሽት ዋኝቶ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ሸሚዙን አውልቆ እንደገና ገባ።

«ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ ጉልበትህን!» አለች አክስቴ ከዳር።

እያለከለከ ደረሰ። ጀልባዋ ላይ ወጥቶ ሱሪውን ሲጨምቅ ከወዲህም ከወዲያም ጩኸት ተነሳ።

«መጀመሪያ ወደ እኛ!»

«በየት በኩል! ወደ እኛ ነው እንጂ!»

አጎቴ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። «ማን እንደሚቀድም አልተወሰነም። ስብሰባ ጥሩና ወስኑ፤ እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ።»

ከእኛ ጋር ዳር የቆመው ከንቲባ ያን ጠዋት ማዶ ተሻግሮ የሚመርቀው ነገር ነበረው። «ተባርረሃል! ጀልባዋን ለአማቼ አስረክብ!»

«ይምጣና ይረከበኛ!»

አማችየው አንድ ጫማውን አወለቀ። ውሃውን አየ። «ዛሬ እንኳ ደፍርሷል» ብሎ ጫማውን መልሶ አጠለቀ።

ከንቲባው ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ ያን ሁሉ ዓመት ውጭ ስትማር ዋና አላስተማሩህም?»

«ኧረ በጭራሽ» አልኩት። አስተምረውኛል፤ የምስክር ወረቀትም አለኝ።

ዳር ዳሩን ተንቆራጠጠ። ሰዓቱን አየ፣ አማቹን ገላመጠ፣ በመጨረሻም እጁን አፉ ላይ ከቦ ተጣራ። «እሺ ጋሼ፣ ይምጡ! ቦታዎን ማንም አይነካም! ጀልባዋም እንደ ድሮው ትደር!»

አጎቴ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም።

«ወዲያ ማዶ አልተሰማም» አለ። «ጮክ ብለህ ድገመው።»